ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት
(ስለ ልብ ወለድ አወቃቀር ከመነሻ ሐሳብ እስከ ፍጻሜ የተደረገ ንግግር)



በአማርኛ «ሲያልቅ አያምር» የሚባል አጭር ምሳሌያዊ አነጋገር አለ። አባባሉ ስለ ድግስም፣ ስለ ሹመትም፣ ስለ ወዳጅነትም ይነገራል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይበልጥ ሊያስደነግጠው የሚገባው የልብ ወለድ ደራሲን ነው። ያማረ ጅምር ኖሯቸው አጨራረስ ላይ የተሰናከሉ ድርሰቶች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለምና። አንባቢ 200 ገጽ ሙሉ ተከትሎት የሄደውን ሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ በድንገተኛ የመኪና አደጋ ሲያጣው፣ ወይም ስሙ ተነሥቶ የማያውቅ ባለጸጋ አጎት ከውጭ አገር መጥቶ ችግሩን ሁሉ ሲያቃልልለት፣ መጽሐፉን ዘግቶ የሚያስቀምጠው እንደ ተታለለ ሰው ነው።

ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው በመጨረሻው ገጽ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያው ነው። አንባቢን የሚያረካ ፍጻሜ ማለት በሩን ሁሉ የሚዘጋ ፍጻሜ ማለት አይደለም፤ በመነሻው ላይ የተገባውን ዕዳ፣ በመነሻው ላይ ከነበረው ነገር አንሥቶ የሚከፍል ፍጻሜ ነው። የዚህ ንግግር ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው።

ይህንን ለማስረዳት የባዕድ አገር የድርሰት መማሪያ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ፣ በሐይቅና በአምባሰል ምድር፣ ሦስት ታሪኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። አንደኛው በቃል የወረደ አፈ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው በመንግሥታት መዝገብ የሰፈረ እውነት ነው፤ ሦስተኛው አገሪቱን በዓይኑ አይቶ በማያውቅ ሰው የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ እንዴት ሴራ እንደሚሆን፣ ሁለተኛው ሴራ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ እንዴት እንደሚፈታ ያስተምራሉ።

፩. ሐይቅ፦ ከሐሳብ ወደ ሴራ

የሐይቅ ውሃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ነው። ወደ ውስጡ የሚገባ ወንዝ አለው፤ ከውስጡ የሚወጣ ግን የለውም። በዳርቻው ወደ ውሃው ዘልቆ በገባው መሬት ላይ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ይህ መሬት ቀድሞ ደሴት ነበረ።

ስለ ውሃው አፈጣጠር ሲነገር የኖረው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። ሐይቁ ዛሬ በሚተኛበት ቦታ ላይ በጥንት ዘመን ሰው ይኖርበት ነበር። አንዲት ልዕልት በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ፈጸመች። እግዚአብሔርም ስለ ግፉ ተቆጣ፤ ሴቲቱን የከበበው ምድር ሁሉ ውሃ ሆነ፤ ልዕልቲቱም ከወዳጅ ዘመዶቿ ጋር ሰጠመች። ሳይሰጥም የቀረው ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነበር። ደሴቱ ያ መሬት ነው፤ ገዳሙም የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ይህ ታሪክ ከጥቂት ዐረፍተ ነገሮች አይበልጥም። ይሁን እንጂ የታላቅ ሴራ አጥንት በውስጡ አለ። በደል አለ፤ በደሉ ዕዳ ይወልዳል፤ ዕዳው ይከፈላል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የመጨረሻው ነገር ነው። ሴቲቱን ለማዳን ከሰማይ መሰላል አልወረደም፤ ታንኳም አልመጣም። ያዳናት ከመጀመሪያው አንሥቶ ከሥሯ የነበረው መሬት ነው። አድማጩ ያንን መሬት ገና ከጅምሩ አይቶታል፤ ሆኖም ልብ አላለውም። ፍጻሜው በመነሻው ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ገና ሐሳብ እንጂ ልብ ወለድ አይደለም። ሐሳብን ወደ ሴራ የሚለውጠው የጥያቄ ብዛት ነው። አፈ ታሪኩ «ግፍ ፈጸመች» ብሎ ያልፋል፤ ደራሲ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይችልም። ልዕልቲቱ ምን ፈልጋ ነው? ሴቲቱስ ለምን ዝም አለች? ግፉ ሲፈጸም ያየ ሰው አልነበረምን? በዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ላይ አንድ ደራሲ ጥቂት ቢቆይ፣ አፈ ታሪኩ ያልጠቀሰው ሰው ብቅ ይልለታል፤ ሁሉን ያየና እንጀራው እንዳይቀርበት ዝም ያለ የልዕልቲቱ አሽከር እንበል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ታሪኩ የእርሱ ይሆናል። ልዕልቲቱ ክፋቷን መርጣለች፤ ሴቲቱ ምርጫ የላትም፤ ገና ያልመረጠው እርሱ ብቻ ነው። ልብ ወለድ የሚያድገው ደግሞ ምርጫው ገና ባላለቀለት ሰው ዙሪያ ነው።

አሁን ፍጻሜው የሚጠይቀውን ልብ ማለት ይገባል። ከጥፋቱ የሚተርፍ መሬት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አሽከሩ ይሰጥማል ወይም ይድናል የሚለው ጉዳይ በዕድል የሚወሰን መሆኑ ቀርቶ «ያን ጊዜ የት ተቀምጦ ነበር?» በሚል ጥያቄ የሚወሰን ይሆናል። እንዲድን ከተፈለገ ከውሃው በፊት ተነሥቶ፣ በሰው ሁሉ ፊት አልፎ፣ ከተበደለችው ሴት አጠገብ ሄዶ መቀመጥ አለበት። እዚህ ላይ ደራሲው ጥብቅ ሕግ ያጋጥመዋል። አሽከሩ ውሃ እንደሚመጣ ካወቀ አካሄዱ ነፍሱን ለማትረፍ የተደረገ ብልጠት ብቻ ይሆናል። ሳያውቅ ከሄደ ግን፣ እንጀራውን እንደሚያጣ እያወቀ ከሄደ፣ ያች አጭር መንገድ የመጽሐፉ ሁሉ ጡዘት ትሆናለች። ውሃው ሲመጣም አንባቢው ይደነግጣል፤ ቀጥሎም «ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር» ይላል። ያልተጠበቀና የማይቀር፤ እነዚህ ሁለቱ በአንድነት ሲገኙ ነው ፍጻሜ የሚያረካው።

፪. ውጫሌ፦ የምክንያት ሰንሰለት

ሴራ የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር በስውር የተጠነሰሰ አድማን ያመለክታል። ይህ ቃል ለድርሰት ሙያም መዋሉ የሚያስነቅፍ አይደለም። ደራሲውም አንባቢው ሳያውቅ አንድ ነገር ይጠነስሳልና። ልዩነቱ የደራሲው ጥንስስ በመጨረሻ በይፋ መገለጥ ያለበት መሆኑ ነው። የዚህን ዓይነት ጥንስስ በእውነተኛው ዓለም ለማየት የሚሻ ሰው ከሐይቅ ወደ ሰሜን ጥቂት ዘልቆ ወደ አምባሰል፣ ወደ ውጫሌ ይሂድ።

በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል ውል የተፈረመው በዚያ ነበር። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ግን ይህንኑ እንደ ግዴታ አስቀመጠው። በአንዱ ቋንቋ ፈቃድ የነበረው በሌላው እስራት ሆነ። በዚያች ቀን በውጫሌ የደረሰ የሚታይ ጉዳት አልነበረም። ፊርማው ተፈርሞ ሁሉም ወደየመንገዱ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ከዚያች ቃል የተወለደ ነው። ኢጣሊያ በአንቀጹ ተደግፋ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በቀጥታ ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ ጉዳዩ በኢጣሊያ በኩል ማለፍ እንደሚገባው ተመለሰላቸው፤ የተሰወረው የተገለጠውም በዚህ ጊዜ ነው። ክርክሩ ቀጠለ፤ በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦርነት ሆነ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውልም የውጫሌው ውል መሻሩ ተጻፈ። በወረቀት የተጀመረው በወረቀት ተዘጋ፤ በመካከሉ ግን የብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት አለፈ።

ታሪክ ለደራሲ እንዲመች ሆኖ አይከናወንም። ቢሆንም ከዚህ ሂደት ለመካከለኛው የድርሰት ክፍል ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ መነሻው ትንሽ መሆን ይችላል። አንዲት ግስ በቂ ናት፤ ዋናው ነገር የምትፈጥረው ዕዳ ትልቅነት ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ድርጊት ከቀዳሚው መወለድ አለበት። ፈተናው ቀላል ነው፤ በሁለት ምዕራፎች መካከል «ከዚያም» የሚለው ቃል ብቻ የሚገባ ከሆነ ሰንሰለቱ ላልቷል፤ «ስለዚህም» ወይም «ይሁን እንጂ» የሚገባ ከሆነ ግን ጠብቋል። ሦስተኛ፣ ምሥጢሩ ለአንባቢ የሚነገርበት ጊዜ መመረጥ አለበት። የሁለቱን ጽሑፎች ልዩነት አንባቢው ከፊርማው ቀን ጀምሮ ካወቀው ልቡ ተሰቅሎ «መቼ ይደርሱበት ይሆን?» እያለ ይጠብቃል። ከምኒልክ ጋር እኩል ካወቀው ደግሞ አብሮ ይቆጣል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ ደራሲው ግን የትኛውን እንደ መረጠ ማወቅ አለበት።

መምረጥ ሲባል መተውም አለ። ውሉ በተፈረመበት ሰሞን ከብቱን የጨረሰው በሽታና «ክፉ ቀን» የተባለው ጽኑ ረሃብ አገሩን ይመታ ነበር። የታሪክ ጸሐፊ ይህን መተው አይገባውም። ስለ አንዲት ቃል የሚጽፍ ልብ ወለድ ደራሲ ግን ረሃቡን የሚያገባው በሰንሰለቱ ውስጥ ቀለበት ሆኖ የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው። እውነት ስለሆነ ብቻ የገባ ምዕራፍ፣ ምንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ለድርሰቱ ሸክም ነው።

፫. ግሸን፦ ያልተዘጋ ፍጻሜ

በዚሁ በአምባሰል ምድር ላይ ግሸን ይገኛል። አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ ሲሆን፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ምእመናን የሚሳለሙት ቦታ ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ፣ እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ድረስ፣ ዙፋን ሊቀናቀኑ የሚችሉ የነገሥታት ልጆች በዘብ ይጠበቁበት ነበር። የፖርቱጋል ተጓዦች ወሬውን ወደ አውሮፓ ወሰዱት። የእንግሊዙ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የአባ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1759 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ራሴላስ የተባለ የአቢሲንያ መስፍን የሚተርከውን ልብ ወለድ አወጣ። ለእናቱ ቀብር ወጪ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በአንድ ሳምንት ምሽቶች እንደ ጻፈው ይነገራል። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ጆንሰን ግሸንን አላየም፤ በሰማው ነገር ላይ ያደረገው ለውጥ ግን ለማንኛውም ደራሲ ትምህርት ነው። አምባውን ገለበጠው። የድንጋዩ አናት በተራራ የተከበበ ለምለም ሸለቆ ሆነ፤ የእስረኞቹ ችግር ወደ ድሎት ተለወጠ። በሸለቆው ውስጥ የሚያሻው የማይፈጸምለት ሰው የለም። በዚህም የተነሣ «እስረኛው እንዴት ያመልጣል?» የሚለው ተራ ጥያቄ «ምንም ያልጎደለው ሰው የሚጎድለው ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ተተካ። መጽሐፉን የወለደው ይህ ጥያቄ ነው። መስፍኑ ከእህቱ ከነቃያ፣ ከእርሷ ደንገጡር ከፔኩያና ከባለቅኔው ከኢምላክ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ይወጣል። ካይሮ ድረስ ሄደው ባለጸጋውን፣ ፈላስፋውን፣ ባሕታዊውንና ሊቁን እየጎበኙ ደስታ የሚገኝበትን የአኗኗር ምርጫ ይፈልጋሉ።

በ49ኛውና በመጨረሻው ምዕራፍ የዓባይ ሙላት ከቤት አስቀርቷቸው እያንዳንዳቸው ምኞታቸውን ይናገራሉ። አንዷ ገዳም፣ ሌላዋ የተማሩ ሴቶች ማኅበር፣ መስፍኑ ደግሞ ትንሽ ግዛት ይመኛል። ከምኞቶቹ አንዱም እንደማይፈጸም ያውቃሉ፤ ሙላቱ ሲጎድል ወደ አቢሲንያ ለመመለስ ይወስናሉ። ደራሲው ለዚህ ምዕራፍ በሰጠው ርእስ ውስጥ መደምደሚያ መሆኑንና ምንም ነገር እንዳልተደመደመ በአንድነት ያስታውቃል።

ታዲያ ይህ ፍጻሜ ነውን? ነው። መጽሐፉ በመነሻው ላይ ለአንባቢው የገባለት ዕዳ መስፍኑን በዙፋን ማስቀመጥ አልነበረም፤ የደስታን ምርጫ መመርመር ነበር። ምርመራው ተጠናቋል፤ ውጤቱም ፍጹም ደስታ የሚሰጥ የአኗኗር ምርጫ አለመገኘቱ ነው። የሰዎቹ ዕጣ ክፍት ቀርቷል፤ የጥያቄው መልስ ግን ተሰጥቷል። ክፍት ፍጻሜ የሚወዱ ወጣት ደራስያን ልብ ሊሉት የሚገባው ልዩነት ይህ ነው። ዕጣን ክፍት መተው ይቻላል፤ ጥያቄን ረስቶ መሄድ ግን ክፍት ፍጻሜ አይባልም፤ ዕዳን ክዶ መሸሽ ነው።

በአንጻሩ የመጽሐፉን ድካም መሸሸግ አይገባም። በመካከሉ ያሉት ብዙ ምዕራፎች ቦታ ቢለዋወጡ የሚጎዳ ነገር የለም። የውጫሌውን ታሪክ ግን ማንም ቢሆን ከዐድዋ ጀምሮ ወደ ፊርማው ሊያስኬደው አይችልም። ራሴላስ የሚቆመው በጥያቄው ጥንካሬ ነው፤ በሰንሰለቱ አይደለም።

፬. ወሎ፦ ፍጻሜ የሌለው መከራ

እስካሁን የታዩት ምሳሌዎች ከደራሲው ሩቅ ናቸው። ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የሚመጣው ግን ነገሩ ሲቀርብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን መታ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከበፊቱ በበረታ ኃይል ተመለሰ። ሰው ከሐይቅና ከአምባሰል ገጠሮች ጭምር ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ይህን በልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ፍጻሜውን ከየት ያመጣል? እህል የጫነ መኪና በመጨረሻው ምዕራፍ ቢደርስለት፣ መኪናው ሳይደርስላቸው ያለቁትን መካድ ይሆንበታል። ሁሉንም በሞት ቢጨርስ፣ ተርፎ ዛሬም የሚያርሰውን ሰው መካድ ይሆንበታል። በመፈክር ቢዘጋው ደግሞ ሙታኑንም ነዋሪዎቹንም ይክዳል።

ብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በተባለው የ3 ቅጽ ልብ ወለዳቸው የወሎን ረሃብ በአብዮቱ ዋዜማ አስቀምጠውታል። የቅጾቹ ንዑስ ርእሶች ዋዜማ፣ መባቻና ማግስት የሚሉ ናቸው። አመራረጣቸው ራሱ ስለ አወቃቀር ይናገራል። ረሃቡ ብቻውን ተዘግቶ የሚቀር ታሪክ አልሆነም፤ ከእርሱ ለሚወለደው ነገር መነሻ ሆነ። የመጨረሻውም ቅጽ ስሙ ማግስት ነው። ማግስት ደግሞ ምንጊዜም ሌላ ማግስት አለው።

ለአንድ ጥራዝ ልብ ወለድ የሚያዋጣው ሌላ መንገድ ጥያቄውን ማጥበብ ነው። ደራሲ የረሃብን መጨረሻ ሊያውጅ ሥልጣን የለውም፤ የአንድን ሰው ጥያቄ ግን እስከ መጨረሻው ሊከተል ይችላል። በአምባሰል ቆላ የሚኖር አንድ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠው አንድ ቁና ማሽላ አለው እንበል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሚስቱ ቁናውን ከልጆቹ ዓይን ትሰውራለች። ከዚያ በኋላ የመጽሐፉ ጥያቄ አንድ ነው፤ ዘሩ ይበላል ወይስ ይዘራል? ከበሉት ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ ባዶ ይቀራል። ካልበሉት ዝናቡን የሚያይ ልጅ ላይኖር ይችላል። ደራሲው ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጥ ወይም ሦስተኛ መንገድ ቢያገኝ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያ ቁና መታየት አለበት፤ ሙሉ ሆኖ፣ ጎድሎ፣ ወይም ባዶውን ተደፍቶ። ረሃቡ በመጽሐፉ ውስጥ ላያበቃ ይችላል። የቁናው ነገር ግን ማብቃት አለበት። እንዲህ ያለው ፍጻሜ ሙታኑን አይክድም፤ አንባቢውንም ባዶ እጁን አይሸኝም።

የዚህን አሠራር ኃይል ለማየት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማስታወስ ይበቃል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ፍጻሜውን ገና በሽፋኑ ላይ ይናገራል። አንባቢው መቃብሩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የማያውቀው የሚደረስበትን መንገድ ነው። በዛብህ ገና በልጅነቱ በወላጆቹ ብፅዐት ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል። በኋላ ከሰብለ ወንጌል ጋር በፍቅር ሲወድቅ ከፊቱ የሚቆመው የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ብቻ አይደለም፤ ይኸው ጥንታዊ ስእለት በልቡ ውስጥ ይቆማል። ፍጻሜውን የከበደ ያደረገው ሞቱ አይደለም፤ በልብ ወለድ ሞት ርካሽ ነው። ያከበደው ሞቱ ከመነሻው ጀምሮ መንገድ የተጠረገለት መሆኑ ነው።

፭. ለሥራ የሚረዱ ጥቂት ነገሮች

ከእነዚህ ምሳሌዎች ለዕለት ሥራ የሚሆኑ ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። ደራሲው ከመጻፉ በፊት የታሪኩን ዕዳ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጽፍ ይጠቀማል። ዐረፍተ ነገሩ በጥያቄ ምልክት ካላበቃ የያዘው ጭብጥ እንጂ ሴራ አይደለም። አጋጣሚን በሚመለከት፣ በመነሻው ላይ ችግር እንዲያመጣ ሊፈቀድለት ይችላል፤ በመጨረሻው ላይ ችግር እንዲፈታ ግን ሊፈቀድለት አይገባም። የመጨረሻው ምዕራፍ ተጽፎ ሲያልቅ ደግሞ የመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ ገና መነበብ አለበት። ብዙ ጊዜ ለፍጻሜው የጎደለው ነገር እዚያ ተረስቶ ይገኛል፤ ካልተገኘም ሊቀመጥ የሚገባው እዚያ ነው።

ተረት ነጋሪ እናቶች ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ» ይላሉ። ቃሉ ከልማድ ብዛት ትርጉሙ የተዘነጋ ቢመስልም የሙያው ሕግ በውስጡ አለ። ተረት የሚያልቀው ወደ ተነሣበት ሲመለስ ነው። የሚመለሰው ግን እንደ ሄደ ሆኖ አይደለም፤ በመንገዱ ያተረፈውን ይዞ ነው።

በሐይቅም የሆነው ይኸው ነው። የአፈ ታሪኩ ሴት ስትቀመጥ መሬቱ ተራ መሬት ነበር፤ ታሪኩ ሲያበቃም ያው መሬት ነው፤ ነገር ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ ውሃ ሆኗል። እንዲህ ያለው ፍጻሜ ለሌላ ታሪክም መነሻ መሆኑ አይቀርም። ሴቲቱ የዳነችበት ያ መሬት ዛሬ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባበትም። የወለደችው ልጅ ምን ሆነ? እርሷስ ከዚያች ደሴት ወዴት ሄደች? አፈ ታሪኩ አይናገርም። ይህ ጥያቄ ገና ባለቤት አላገኘም፤ መልሱም ከማኅበሩ አባላት ብዕር ይጠበቃል።